ዱካው ሳሎን ገባ፣ ጠራቢው ደጅ ቀረ

ሰሞኑን የሳሎን ፋሽን ተቀይሯል። ትናንት «የገጠር ዕቃ» ተብሎ ማድቤት ጥግ የተወረወረው በርጩማ ዛሬ ከሶፋው ጎን አበባ ተቀምጦበት ይታያል። ሎጁም፣ የባህል ምግብ ቤቱም፣ ካፌውም የጅማ ዱካ ደርድሯል። ጠፍር አልጋ ሳይቀር ፎቶ መነሻ ሆኗል። «ቪንቴጅ» ይሉታል። ጥሩ ነው፣ እሰየው! አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ ያንን በርጩማ የጠረበው ሰው ለልጁ ልጅህን ቢጠይቅ ምን ትመልስለታለህ?

መልሱን ለራስህ ያዘው። እኛ ስለ ዕቃው እንጀምር።

ላሊበላ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈለፈለ ብለን ለዓለም እንፎክራለን። የጅማ በርጩማም ከአንድ ወጥ ግንድ የተፈለፈለ ነው። ሚስማር የለውም፣ ኮላ የለውም፣ የተገጣጠመ ነገር የለውም። መቀመጫው መሃሉ ላይ ጎድጎድ ያለው ገላን እንዲቀበል ነው። እግሩ ሦስት የሆነውም ለጌጥ አይደለም። አራት እግር ያለው ወንበር በጭቃ ወለል ላይ ይንገዳገዳል፤ ባለ ሦስት እግሩ ግን መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም ሦስቱንም አሳርፎ ይቆማል። መደገፊያ ያለው ትልቁ ወንበር ደግሞ ከእነ መደገፊያው ከዚያው ግንድ ይወጣል። የዳግማዊ አባ ጅፋር መገልገያዎች በተቀመጡበት በጅማ ሙዚየም የገባ ሰው ንጉሡ ቤት የነበረው የእንጨት ሥራና ገበሬው ቤት ያለው የአንድ ጥበብ ልጆች መሆናቸውን ያያል።

ጠፍር አልጋውንም ተመልከት። ጠፍሩ ሲላላ ይወጠራል፣ አንዱ ሲበጠስ አንዱ ብቻ ይቀየራል። በዕዳ የገዛነው የቺፑድ አልጋ ግን ውኃ ከነካው ያብጣል፣ ብሎኑ አንዴ ከላላ ዳግም አይጠብቅም። አያቶቻችን የሚጠገን ዕቃ ነበራቸው። እኛ የሚጣል ዕቃ በውድ እንገዛለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ።

አማርኛችን ወንበርን እጅግ ያከብራል። ሥልጣን የያዘ ሰው «ወንበር ያዘ» ይባላል። የጉባኤው አለቃ ሊቀ መንበር ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ያቆመ መምህር «ወንበር ተከለ» ይባልለታል። ታቦት እንኳ የሚያርፈው መንበር ላይ ነው። ይህን ሁሉ ክብር ለተቀመጠው ሰጠን። ለጠራቢው ምን ተረፈው?

ስድብ። በርጩማው የተጠረበበትን ብረት የቀጠቀጠውን «ቀጥቃጭ» ብለን ሰደብነው። የጠፍሩን ቆዳ ያለፋውን «ፋቂ» አልነው፣ ማታ ማታ ጅብ ሆኖ ይዞራል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ብለን ልጆቻችንን አስፈራራንበት። እንጨት ሠሪውንም አልማርነውም። ዊሊያም ሻክ የተባለው የሰው ልጅ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ፣ «ፉጋ» እየተባሉ የተገለሉትን እንጨት ሠሪዎች ኑሮ ጽፎታል። የዚያን ውብ ቤት ምሰሶ የሚያቆሙት እነሱ ነበሩ፤ ነገር ግን መሬት ማረስ አይፈቀድላቸውም፣ ጋብቻም የሚዛመዳቸው አልነበረም። ቤቱን የተሸከመውን ምሰሶ አቁሞ እሱ ከቤቱ ይርቃል። ከዚህ የባሰ ውለታ ቢስነት የት ይገኛል?

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው።

«ይህ የድሮ ታሪክ ነው፣ ዛሬ ማን ይንቃል?» የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ንገረኝ፤ ሳሎንህ ያለውን በርጩማ የሠራው ማን ይባላል? የአፈወርቅ ተክሌንና የገብረ ክርስቶስ ደስታን ስም እናውቃለን፤ ሥዕላቸውም ፊርማ አለው። በርጩማው ግን «የጅማ» ነው፣ «የጉራጌ» ነው፤ የአገር ስም እንጂ የሰው ስም የለውም። በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ከኢትዮጵያ የሄዱ ብርኩማዎች አሉ። ስንቱን የጠረበው እጅ ስሙ ተጽፎለት ይሆን? ፈረንጁ አላወቀውም ብለን አንፍረድ። ስም ሳንሰጥ የሰደድነው እኛ ነን።

ሌላው ደግሞ «ታዲያ ድሃው አሮጌ ዕቃውን አይሽጥ ነው የምትለው?» ይለኛል። ይሽጥ! ግን ዋጋውን አውቆ ይሽጥ። አያቱ የተቀመጡበትን የዋንዛ በርጩማ ለልዋጭ ሰጥቶ የፕላስቲክ ወንበር የተቀበለ ሰው ንግድ አላካሄደም፣ ተዘርፏል። አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ከግል ንብረትነት አልፎ ቅርስ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የደነገገው ለዚህ ነው። ውጭ የምትኖር ወንድሜ፣ ሻንጣህ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ይህን ጠይቅ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፦ «በርጩማ ካበዛን ዋንዛ ያልቃል።» እውነት አለው። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን ከዝግባ፣ ከኮሶና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ግን ዋንዛ የእርሻ ዛፍም ነው። ለቡና ጥላ ይሆናል፣ ፍሬውን ልጅ ይለቅመዋል፣ እንጨቱ ሙቀጫም ከበሮም በርም ይወጣዋል። የቆረጠ ሁሉ ቢተክል ኖሮ ዛሬ ስለ እጥረቱ ባላወራን። ደግሞስ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ በርጩማ ነው ደን የሚጨርሰው ወይስ በየጥቂት ዓመቱ የምንጥለውና የምንተካው አልጋና ቁም ሣጥን?

ስለዚህ ቪንቴጅ ወዳጆች፣ ፍቅራችሁ የእውነት ከሆነ እንዲህ አድርጉ። በርጩማ ስትገዙ ሠሪውን ጠይቁ፣ ስሙን ከመቀመጫው ሥር አስጽፉ። ሎጅና ሆቴል ያላችሁ፣ ደላላውን ዝለሉና ከጠራቢው ጋር ተዋዋሉ፤ ዋጋውንም እሱ ይንገራችሁ። ሙዚየሞች ከዛሬ ጀምሮ የሚገባውን ዕቃ የሠሪውን ስም ሳይጽፉ አይመዝግቡ። የሙያ ማሠልጠኛዎች አናጢነትን በማሽን ሲያስተምሩ፣ ከግንድ መጥረብን የሚያውቀውን ሽማግሌ በመምህርነት፣ በደመወዝ፣ በክብር ይጥሩት። ልጁ ሙያውን ጥሎ የሚሄደው ስንፍና ይዞት እንዳይመስላችሁ፤ አባቱ ሲሰደብ አይቶ ስላደገ ነው።

ይህ ሁሉ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያው ጥያቄዬ አልተመለሰም። የልጅህን ነገር ማለቴ ነው። እሱን ሎጅም ሙዚየምም አይመልስልህም። ማታ በርጩማው ላይ ተቀምጠህ አስብበት።

ቸር እንሰንብት።