ዐለት የሚወጣ ልጅና ጣቶቹ

ዐለት መውጣት በአውሮፓና በአሜሪካ በከተማ ቤት ውስጥ በተሠራ ግድግዳ ላይ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚማሩት ጨዋታ ሆኗል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓመት በቶኪዮ በተደረገው ኦሊምፒክም ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቷል። ስለዚህ ልጁን ወደዚህ ጨዋታ የሚልክ ወላጅ ልብ ሊለው የሚገባውን አንድ ነገር በዛሬው ዓምዳችን እንጽፋለን፤ ይኸውም ጣት ነው።

ጣትን የሚያጥፉት ጡንቻዎች በጣት ውስጥ አይገኙም፤ በክንድ ውስጥ ሆነው በረጅም ጅማት ይስቡታል። ጅማቱም ከአጥንቱ እንዳይርቅ ጠንካራ ቀለበቶች አቅፈው ይይዙታል። ሰው ጣቱን አጥፎ በጠባብ ጠርዝ ላይ ሲንጠለጠል ጭነቱ በነዚህ ቀለበቶች ላይ ይበረታል። ጡንቻ በጥቂት ሳምንት ይጠነክራል፤ ጅማትና ቀለበት ግን ብዙ ወራት ይፈልጋሉ። አደጋው የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ጉሊሽ በ1988 በኑረምበርግ ከተማ በዘመመ ሰሌዳ ላይ ቀጫጭን እንጨቶችን እንደ መሰላል መትቶ፥ እግሩን ሳያስነካ በጣቱ ብቻ እየዘለለ መውጣት ጀመረ። በ1991ም በፍራንከንዩራ «አክሲዮን ዲሬክት» የተባለውን እጅግ ከባድ መንገድ ወጣ። መሣሪያው ካምፓስ ቦርድ ተብሎ በየአገሩ ተዛመተ። ጉሊሽ ግን ሙሉ ሰው ነበረ፤ ጣቶቹንም በብዙ ዓመት ልምምድ አጽንቷቸው ነበር።

ልጅ እንደዚያ አይደለም። አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል ገና ለጋ ነውና፥ ይልቁንም ቁመቱ በድንገት በሚጨምርበት ዕድሜ፥ ጅማቱ ሳይጎዳ አጥንቱ ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የመካከለኛው ጣት ነው፤ ምልክቱም በመካከለኛው አንጓ ጀርባ ላይ ቀስ በቀስ የሚመጣ ሕመምና እብጠት ነው። መውደቅም መመታትም ስለሌለበት ልጁም አሠልጣኙም ይንቁታል። እኛ ግን እንዲህ ያለው ልጅ መውጣቱን ወዲያው ትቶ በሐኪም ዘንድ ራጅ ይነሣ እንላለን፤ ችላ ቢባል ጣቱ ጠምሞ ሊቀር ይችላልና። የዚህ ጨዋታ ሐኪሞችም እድገቱን ያልጨረሰ ልጅ በካምፓስ ቦርድ እንዳይለማመድ የሚመክሩት ስለዚህ ነው። ለልጅ እግርን በደንብ መትከልና ልዩ ልዩ መንገድ መውጣት ይበቃዋል።

አባቱ ግን መሞከር ቢወድ (ከልጁ ጋራ የሚጀምር አይጠፋም)፥ አስቀድሞ ጥቂት ዓመት ይውጣ። ከዚያ በኋላ በጠርዝ ላይ 7 ሴኮንድ ተንጠልጥሎ 3 ሴኮንድ ማረፍ፥ ይህንም 6 ጊዜ መድገም የተለመደ ነው። ጡንቻ ሲጨብጥ የደም ሥሩን ይጫነዋል፤ በ3ቱ ሴኮንድ ደሙ ይመለሳል። ይህን በሳምንት 2 ጊዜ ቢያደርግ ይበቃል፤ በመካከሉም 2 ቀን ይረፍ።