ተከታይ ፊልምና የተመልካች ፍርድ

አንድ የጀብዱ ፊልም በተመልካች ዘንድ ሲወደድና ብዙ ገንዘብ ሲያስገኝ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለተኛው ክፍል መሠራቱ የተለመደ ሆኗል። ሁለተኛውም ከተሳካ ሦስተኛው፣ ከዚያም አራተኛው ይከተላል። ከሰው በላይ ኃይል ያላቸው ጀግኖች የሚታዩባቸው ፊልሞች ደግሞ ለዚህ ልማድ ይበልጥ የተመቹ ናቸው፤ ጀግናው እስካልሞተና አዲስ ጠላት እስከተፈለሰፈለት ድረስ ታሪኩ ማለቂያ የለውም። ስለሆነም አንዳንድ ሐያስያን ተከታይ ፊልም ሁሉ የንግድ እንጂ የጥበብ ሥራ አይደለም በማለት ገና ሳያዩት ይንቁታል። ብዙው ተመልካች በአንጻሩ የሚወደው ጀግና ስም በማስታወቂያው ላይ ከተጻፈ ሌላ ሳይጠይቅ ቲኬት ይቆርጣል። ሁለቱም ወገኖች ሥራውን ሳይመረምሩ ስለሚፈርዱ ሁለቱም ይሳሳታሉ።

ተከታይ ፊልም የሚመዘንበት ሚዛን አስቸጋሪ አይደለም፤ ለመመዘንም የሐያሲነት ማዕረግ አያስፈልግም። ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህ ክፍል ባይሠራ ኖሮ ስለ ጀግናው ምን ሳይታወቅ ይቀር ነበር?» የሚለው ነው። መልሱ «ምንም» ከሆነ ፊልሙ የቀድሞውን ዝና ከመመንዘር በስተቀር ሌላ ምክንያት የለውም። በቂ መልስ ካለው ግን ተከታይ መሆኑ ሊያስነቅፈው አይገባም።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነው በጄምስ ካሜሮን አዘጋጅነት የተሠራው «ተርሚኔተር» ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው የመጀመሪያ ክፍል፣ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር የሚጫወተው ሰው መሰል ሮቦት፣ ሣራ ኮነር የተባለችውን ወጣት ለመግደል ከመጪው ዘመን ይላካል። እ.ኤ.አ. በ1991 በቀረበው ሁለተኛ ክፍል ግን ያው ተዋናይ በዚያው መልክ የሣራን ልጅ ከሞት ለማዳን ይመጣል። የመጀመሪያው ክፍል ከዚህ መሣሪያ እንዴት ማምለጥ እንደሚቻል ሲያሳይ፣ ሁለተኛው ለመግደል የተሠራ ነገር የሕይወትን ዋጋ ሊማር ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። ሣራም እንደቀድሞዋ አይደለችም። በፍርሃት ትሸሽ የነበረችው አስተናጋጅ ልቧን ያደነደነች ተዋጊ ሆናለች፤ ወደፊት ለሚደርሰው ጥፋት ምክንያት ይሆናል ያለችውን ሰው ለመግደልም ጠመንጃ አንስታ እስከ ቤቱ ትሄዳለች። በመጨረሻ እጇ ቢከለክላትም፣ ሮቦቱ አለመግደልን በሚማርበት ጊዜ ሰዋዊቷ እናት ወደ ገዳይነት መቃረቧ ተመልካቹን በብርቱ ያሳስበዋል። ፊልሙ ካገኛቸው አራት የኦስካር ሽልማቶች መካከል አንዱ በእይታ ጥበቡ የተሰጠው ነው። ይሁን እንጂ የሥራውን ዕድሜ ያረዘመው የቴክኒኩ ብልጫ ብቻ ሳይሆን ይህ ጥያቄ ነው።

የጠላት ብዛትና የፍንዳታ ጋጋታ የታሪክን ጥልቀት ሊተኩ እንደማይችሉ ደግሞ «ስፓይደርማን» ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሁለተኛው ክፍል፣ ፒተር ፓርከር የተባለውን ወጣት በትምህርቱ፣ በሥራውና በቤት ኪራዩ ተወጥሮ ያሳየዋል። ሰውን ለማዳን ሲሮጥ የራሱ ኑሮ ይበላሽበታል፤ ኃይሉም ይከዳዋል፤ በመጨረሻም የጀግንነት ልብሱን ከቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። ዋናው ጠላት አንድ ብቻ ነው፤ ከባዱ ትግል ግን በወጣቱ ልብ ውስጥ የሚካሄደው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው አዘጋጅ በሳም ራይሚና በዚያው ተዋናይ በቶቢ ማጓየር በተሠራው ሦስተኛ ክፍል ግን ሦስት ባላንጣዎች በአንድ ጊዜ ይሰለፋሉ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አንድ ፊልም የሚሞላ ታሪክ ሲኖራቸው፣ እርስ በርስ ስለተሻሙ አንዳቸውም በሚገባ ሳይታወቁ ይቀራሉ። ሆኖም ሦስተኛው ክፍል በዓለም ገበያ ከሁለተኛው የበለጠ ገንዘብ አስገኝቷል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ የቲኬት ሽያጭ የተመልካችን ጉጉት እንጂ የሥራውን ጥራት የማይለካ መሆኑን ነው።

እርግጥ ነው፣ አዲስ ጥያቄ ማንሳት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1978 በሪቻርድ ዶነር አዘጋጅነት የቀረበውና ክሪስቶፈር ሪቭ የተጫወተበት «ሱፐርማን» እጅግ ተወዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው አራተኛው ክፍል ደግሞ ጀግናው ዓለምን ከኑክሊየር ጦር መሣሪያ ለማጽዳት ሲነሳ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ያነሳው ጉዳይ ታላቅ ነበር። ነገር ግን ታሪኩ ብዙም ሳይራመድ ጥያቄውን ትቶ ወደ ቡጢ ግጥሚያ ይዞራል። ለሥራው የተመደበው ገንዘብ በመቀነሱም፣ ጀግናው በሰማይ ሲበር የሚታይበት አንድ ትዕይንት እየተደጋገመ እስከ መታየት ደርሷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ያለ በቂ ዝግጅት የተሠራው ፊልም የተመልካቹን እምነት አጠፋ። ከዚያ በኋላ ሌላ የ«ሱፐርማን» ፊልም ለሲኒማ እስከሚቀርብ ድረስ እ.ኤ.አ. 2006ን መጠበቅ አስፈልጓል።

«ተመልካች ወደ ሲኒማ የሚገባው ለመዝናናት እንጂ ለመመራመር አይደለም፤ ስለዚህ ይህን ያህል መጠየቅ ጨዋታውን ያበላሻል» የሚሉ አይጠፉም። አስተያየታቸው በከፊል እውነት አለው፤ የሚወዱትን ጀግና ደግሞ ለማየት መናፈቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ጀግናው ምንም ሊያጣ የማይችል ከሆነ ልብ የሚሰቀልበት ምክንያት አይኖርም፤ ልብ ካልተሰቀለም መዝናናቱ ራሱ ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 በክሪስቶፈር ኖላን አዘጋጅነት የወጣው ሁለተኛው የ«ባትማን» ክፍል ይህን ያረጋግጣል። በዚህ ፊልም ጀግናው ከተማውን ያድናል፤ ግን የሚወዳትን ሴት ያጣል፣ የሌላውን ሰው ወንጀል ተሸክሞም ስሙን ያጎድፋል። ጠላቱን ሆኖ የተጫወተው ሒዝ ሌጀር ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 የኦስካር ሽልማት ተሰጥቶታል። ፊልሙም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። እንግዲህ ጥበብና ገበያ የግድ ባላንጣዎች አይደሉም ማለት ነው።

ስለዚህ ተከታይ ፊልምን በጅምላ መናቅም ሆነ በጅምላ ማምለክ አይገባም። የፊልም ነጋዴዎች የሚሠሩት የሚሸጠውን ነው። ተመልካች ያለ ጥያቄ የሚገዛ ከሆነ እነርሱም ያለ ድካም ይሠራሉ፤ ታሪክ ባለቀበት ሥፍራ ታሪክ ፍለጋም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል። መርጦ የሚገባ፣ አይቶ የሚመዝን፣ ያልወደደውንም ለምን እንዳልወደደው በምክንያት የሚናገር ተመልካች ግን፣ ከሲኒማ ቤቱ ወንበር ሳይነሳ የጥበብ ዳኛ ነው። የሚቀጥለው ክፍል የተሻለ እንዲሆን ከሚያስገድዱት ነገሮች አንዱ የእርሱ ፍርድ ነው።