የሊቃውንት ዝምታ

አንዳንድ የሳይንስ ሊቃውንት፥ «የእኛ ሥራ መመርመር ነው፤ ለሕዝብ መንገር የባለሥልጣንና የጋዜጠኛ ፈንታ ነው» ሲሉ እንሰማለን። ይህ አሳብ ትሕትና መስሎ ይታይ እንጂ ከኃላፊነት መሸሽ ስለሆነ እኛ አንቀበለውም።

ለማስረጃ ያህል በኢጣልያ አገር የላኲላን ከተማ ነገር እናንሣ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ምድሪቱ ለወራት በትንንሽ መንቀጥቀጥ ስትናወጥ ከቆየች በኋላ፥ ማርች 31 ቀን ስለ ታላላቅ አደጋዎች የሚመክረው የመንግሥት ጉባኤ በከተማይቱ ተሰበሰበ። ጉባኤው ገና ሳይጀመር ግን አንድ ባለሥልጣን ለጋዜጠኛ ሲናገር፥ ትንንሹ መንቀጥቀጥ የምድርን ኃይል ስለሚያስተነፍስ ነገሩ ለመልካም ነው አለ። አነጋገሩ ስሕተት ነበረ። በመለኪያው 6 የደረሰ አንድ መንቀጥቀጥ የሚያወጣው ኃይል፥ 4 የደረሱ 1000 ያህል መንቀጥቀጦች ከሚያወጡት ጋር ይተካከላልና ትንንሹ ትልቁን አያስቀረውም። ይህ ስሕተት ግን በሕዝብ ፊት በግልጽ ሳይታረም ቀረ።

አፕሪል 6 ቀን ሌሊት በ6.3 የተለካ መንቀጥቀጥ ከተማይቱን መታ፤ ከ300 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ምድር ስትናወጥ ከቤት ወጥቶ ማደር የአገሩ የቆየ ልማድ ነበር። ከሟቾቹ ዘመዶች አንዳንዶቹ ግን፥ ያ የሚያጽናና ቃል ቤተ ሰባቸውን እንዳዘናጋው በፍርድ ቤት መሰከሩ። በ2012 ባለሥልጣኑና 6 ሊቃውንት እያንዳንዳቸው የ6 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በ2014 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሊቃውንቱን በነጻ ሲለቅ የባለሥልጣኑን ቅጣት ወደ 2 ዓመት ዝቅ አደረገው።

የሊቃውንቱን በነጻ መለቀቅ አንነቅፍም፤ መንቀጥቀጥ የሚደርስበትን ቀን ቆርጦ የሚናገር ሳይንስ እስከ ዛሬ የለምና። ይሁን እንጂ ከሕግ ዕዳ የዳነ ሁሉ ከሕሊና ዕዳ ድኗል ማለት አይደለም።

«እውነቱ ቢነገር ሕዝብ ይሸበራል» የሚሉም አሉ። «ቀኑን አናውቅም፤ አደጋው ግን አልራቀም፤ ቤቱ ያረጀ ይጠንቀቅ» ብሎ መናገር ሕዝብን ማክበር እንጂ ማሸበር አይደለም። ሊቁ የተወውን ስፍራ ወሬኛ ይይዘዋል።

ነገሩ ለእኛም የሩቅ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ አገራችንን አቋርጦ ያልፋል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንግዲህ ሊቃውንቶቻችን የሚያውቁትንና የማያውቁትን ለይተው፥ ሕዝብ ሊያደርገው የሚገባውንም ጨምረው፥ ገበሬ በሚገባው ቋንቋ ራሳቸው ይንገሩ። ጋዜጠኛውም ያልገባውን ሳይጠይቅ አይጻፍ፤ ስሕተት ታትሞ ያዩ ሊቃውንትም በማግስቱ ያርሙት።