«እኔ የሸጥኩት ብቻ ነው»



«እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ገዢው በዕቃው የሚሠራው የራሱ ጉዳይ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ይህ አነጋገር በፍርድ ቤት ተፈትኗል።

ጉስ ኩዌንሆቨን በላይቤሪያ ትልቅ የእንጨት ኩባንያ የሚመራ ሆላንዳዊ ነጋዴ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ወደዚያች አገር መሣሪያ እንዳይገባ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዕቀብ ጥሎ ነበር። እንጨት የሚያመላልሰው መርከብ ግን ለቻርልስ ቴይለር መሣሪያ አስገባ። በ2006 የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ማዕቀቡን ጥሷል ብሎ 8 ዓመት ፈረደበት። በ2008 በይግባኝ ነፃ ወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ካዘዘ በኋላ፣ በ2017 በጦር ወንጀል ተባባሪነት ጭምር 19 ዓመት ተፈረደበት። ዳኞቹ የፈረዱበት እርሱ ራሱ መንደር አቃጠለ ብለው ሳይሆን የሚያቀብለው ዕቃ ለምን እንደሚውል እያወቀ አቀበለ ብለው ነው።

ይህ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ሳውል በእስጢፋኖስ ላይ ድንጋይ አልወረወረም፤ የወጋሪዎቹን ልብስ ጠበቀ እንጂ (ሐዋ. 7፥58)። በኋላ ግን «ልብስ ብቻ ነው የጠበቅኩት» ብሎ አላመካኘም፤ በግድያው ተስማምቶ እንደነበር በራሱ አንደበት መሰከረ (ሐዋ. 22፥20)።

«ማዕቀብ የኃያላን መሣሪያ ነው፤ የሚጎዳውም ድሃውን ነው» የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው። እኛም ቀምሰነዋል። በ1935 የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ሳይከለክል ቀረ፤ ነዳጁ አልተቋረጠም፣ አውሮፕላኖቹም በአባቶቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነቡ። ያን ነዳጅ የሸጠ ሰው ሕግ አልጣሰም። በእግዚአብሔር ፊት ግን ንጹሕ ነበር? ሕግ ያልከለከለው እንኳ ሕሊናን ይጠይቃል፤ በሐሰተኛ ሰነድ ተሸፋፍኖ የሚያልፈውማ እንዴት አብልጦ አይጠይቅ!

አስመጪና ላኪ የሆናችሁ፣ በትራንዚት፣ በባንክ፣ በጭነት ሥራ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፦ ከዋጋው በፊት «ዕቃው የት ይደርሳል? ማን እጅ ይገባል? ሰነዱ ስለ ምን ይዋሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። የቤተ ክርስቲያን መሪዎችም አሥራቱን ስንቀበል ምንጩን ለመጠየቅ አንፈር። አለመጠየቅ ራሱ ልብስ መጠበቅ ነውና።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።