ቁልፉም አማና ነው



ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ወረታ ገበያ ሩዝ የሸጠ ሰው ገንዘቡን በስልኩ የሚቀበልበት ጊዜ መጥቷል። ድሮ በመቀነት ጫፍ ይቋጠር የነበረው ብር ዛሬ የሚጠበቀው በምስጢር ቁጥር ነው። ቁጥሩን ግን እንደ መቀነቱ እየጠበቅነው ነው?

ብዙዎቻችን የተወለድንበትን ዓመት ወይም የስልካችንን መጨረሻ ቁጥሮች እናደርጋለን። ለፌስቡኩም፣ ለኢሜይሉም ያው አንዱ ነው። አካውንት የከፈተልን የሞባይል ቤት ልጅ ያወጣውን የይለፍ ቃል እስካሁን ያልቀየርንም አለን። «ምን አለኝና ይወስዱብኛል?» እንላለን። የሚወሰደው ግን ብር ብቻ አይደለም፣ ስምም ነው። በተጠለፈ ቴሌግራምህ «ታምሜያለሁ፣ ብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ለጀመዓው ሲደርስ፣ ሰደቃ መስሎት የላከው ወንድምህ ይከስራል። ነገ በእውነት የተቸገረ ሲጠይቅም የሚያምነው ያጣል።

በሌላ በኩል፣ የማንችለውን መሸከምም መፍትሔ አይሆንም። ሃያ ውስብስብ ቃል በቃሌ እይዛለሁ ያለ ሰው ብዙ ሳይቆይ ሁሉንም ወደ አንድ ይመልሳል። የፎገራ እረኛ ያውቀዋል፤ ገመዱ ከረዘመ ላሟ የሰው ሰብል ትገባለች፣ ካጠረ ሣር አታገኝም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን አስሮ በአላህ እንዲመካ ነው ሰውየውን ያስተማሩት።

ስለዚህ እንደ ክብደቱ እንሰር። ለገንዘብና ለኢሜይል ለየብቻ ጠንካራ ቁልፍ ይኑር፤ ኢሜይሉ የተወሰደበት የሌሎቹም አካውንቶች በር ይከፈትበታል። የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ብትደረድር ለማስታወስ ይቀላል፣ ለመገመት ይከብዳል። ከፈራህ ወረቀት ላይ ጽፈህ ቤትህ ሣጥን ውስጥ ቆልፍበት፤ ሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት የሚሰርቅህ ሌባ ሣጥንህን አይከፍትም። ስልኩ ጀርባ ላይ ግን አትለጥፍ። የቴሌግራምን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ዛሬውኑ አብራ። በአጭር መልእክት የመጣልህን ኮድ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ላለህም ቢሆን አትንገር።

አንድ የምንዘነጋው ነገር አለ። ማንበብ የማይችሉ እናት አባታቸውን የምስጢር ቁጥር የያዙ ወጣቶች በየቤቱ አሉ። ይህ አማና ነው፤ አላህም ይጠይቀናል። ያላዘዙህን ብር አትንካ፣ ቁጥሩን ለጓደኛ አትንገር፣ የወጣውንም የቀረውንም ሳይጠይቁህ ንገራቸው። ከቻልክ ራሳቸው እንዲነኩ በትዕግሥት አስተምራቸው። ቁልፍ መያዝ የቤቱ ባለቤት አያደርግም።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ኣሚን!