ሳትፈርሙ ስሙኝ

በለንደን ካውንስሎች፣ በሆስፒታሎችና በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች የዲጂታል ቡድን ውስጥ ሰው ልትቀጥሩ የምትቀመጡ የዕድሜም የሙያም እኩዮቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ወጣቶቹ ቢያነቡት አይከፋኝም፤ ጥፋት ሲመጣ ግን ወረቀቱ ላይ የሚገኘው የእኛ ፊርማ ነው። ሲኒየር ፍሮንት ኤንድ ዴቨሎፐር ስትመርጡ የጎደለ ወንበር ብቻ የሞላችሁ አይምሰላችሁ። ሌላ መግቢያ የሌለው ሕዝብ የሚቆምበትን ደጅ ቁልፍ ነው የምታስረክቡት። የመሣሪያ ስም መደርደር ስለቻለ ብቻ የተመረጠ ሰው ያንን ደጅ ሊዘጋው ይችላል፤ ሲዘጋውም እናንተ ዘንድ ድምፅ አይሰማም።

የባንኩ ገጽ ያስመረረው ደንበኛ ባንክ ይቀይራል። የካውንስል ታክስ ቅናሽ የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ሌላ ካውንስል ሄዶ አይጠይቅም። የራሳችንን ሰው ተመልከቱ። ብዙዎች በእጃቸው ይዘውት የነበረው የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ በ2024 መጨረሻ ጊዜው አብቅቶ ኢቪዛ በሚባል የኢንተርኔት አካውንት ተተካ። ቤት ለመከራየትም ሥራ ለመግባትም ማስረጃው ከዚያ ገጽ የሚወጣ ሼር ኮድ ሆነ። ቶተንሃም ውስጥ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ፣ ሊያልቅ በተቃረበ ዳታ የሚሞክሩ እናት አስቡ። ገጹ ካልተከፈተላቸው ፈቃዱ እያላቸው የሚያሳዩት ነገር የላቸውም። ደውለውም አይጮኹብንም። ልጅ እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ፣ ወይም ይተዉታል።

ዝም ያለ ስክሪን የሚያመጣውን ጣጣ ይህች አገር በዓይኗ አይታለች። በ2015 ስኮትላንድ ውስጥ ዳልሜሊንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ የፖስታ ቤት ወኪል 8 ሺህ ፓውንድ መረከባቸውን ለማረጋገጥ ቁልፉን ተጫኑ። ስክሪኑ ደረቀ። ደጋግመው ተጫኑ፣ አሁንም ምንም የለም። ሆራይዘን የተባለው ሲስተም ግን በተጫኑ ቁጥር እንደ አዲስ ርክክብ ይመዘግብ ነበር። በመጨረሻ በመዝገቡ ላይ የ24 ሺህ ፓውንድ ጉድለት ታየ፤ በዓለም ላይ ያልነበረ ገንዘብ። በዚሁ ሲስተም ሰበብ ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ወኪሎች ሌባና አጭበርባሪ ተብለው ተፈርዶባቸዋል፤ ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ወደ መሻር የደረሰው በ2024 ነው። እርግጥ የሆራይዘን ኃጢአት ሁሉ የስክሪን አልነበረም። አብዛኛው ከጓዳው ኮድና ማሽኑን ከሰው በላይ ካመኑ አለቆች የመጣ ነው። የዳልሜሊንግተኑ ግን በቀጥታ የእኛ ጉዳይ ነው፤ ቁልፉ ለተጫነው ሰው ምን እንደሆነ አልነገረውም። ዛሬ የመንግሥት ገጾች በሚሠሩበት የጋቭ ዶት ዩኬ ዲዛይን ሲስተም ውስጥ አንድ ቁልፍ ሁለቴ ቢነካ ሁለቴ እንዳይላክ የሚያደርግ አማራጭ ተዘጋጅቷል። ይህን የሚያውቅና የሚያስፈልግበትን ቦታ የሚለይ ሰው ነው ሲኒየር የሚባለው።

አሁን የምታወጡትን ማስታወቂያ አንብቡት። ሪአክት አምስት ዓመት፣ ታይፕስክሪፕት ሦስት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ገጹ ግርጌ የመሣሪያ ስም። ተጠቃሚ የሚለው ቃል ካለም መጨረሻ ላይ ነው፣ ለወግ ያህል። አንድ ጊዜ ጄኩዌሪን የማያውቅ ሰው ሥራ አያገኝም ነበር። ጋቭ ዶት ዩኬ በ2022 ያንኑ ጄኩዌሪ ከገጾቹ አወጣው፤ የሚወርደው ኮድ ቀለል አለ፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለው ሰው ተጠቀመ። መሣሪያው መጥቶ ይሄዳል፤ ለምን እንደሚገባና ለምን እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ግን ይቆያል። ማስታወቂያችሁ ይህን ሰው አይጠራውም። አንዳንዴም በመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ይጥለዋል።

የመንግሥት ዲጂታል አገልግሎት የተባለው ክፍል በ2011 ሲቋቋምና በኦክቶበር 2012 ጋቭ ዶት ዩኬን ሲከፍት የተከበረው በጌጥ አልነበረም። ነጭ ገጽ፣ ጥቁር ፊደል፣ ግልጽ ዐረፍተ ነገር፤ በዚህ ነው የ2013 የዲዛይን ሙዚየም የዓመቱ ሽልማት የተሰጠው። በዚያው ዓመት እነዚሁ ሰዎች ለስንቱ ጎብኚ ጃቫስክሪፕት እንደማይደርስ ለኩ። ከ93 ሰው ለ1 ሰው አልደረሰም። ከእነዚህም ውስጥ ሆን ብለው ያጠፉት ጥቂቶቹ ናቸው፤ የሚበዙት መድረስ ሲገባው ያልደረሳቸው ናቸው፤ መስመር ተቆርጦ ይሁን የመሥሪያ ቤት ፋየርዎል ከልክሎ። ከ93 አንድ ትንሽ ይመስላል። ሚሊዮን ሰው በሚገባበት ገጽ ላይ ግን ከ10 ሺህ በላይ ነው። አመልካቹን ጠይቁት፤ ጃቫስክሪፕቱ ባይደርስ የሠራኸው ቅጽ ምን ይሆናል? ጥያቄው ካስገረመው መልሱን አግኝታችኋል።

ፈተናውንም ለውጡ። የአልጎሪዝም እንቆቅልሽ የሚፈታ ሰው ለዚህ ሥራ ምን ያደርግላችኋል? የተበላሸ ቅጽ አዘጋጁና ከፊቱ አድርጉ፤ ማውሱን ግን አንሱበት። በታብ ብቻ ይሂድ። ቀለሙ ብቻ ወደ ቀይ ተለውጦ ስህተቱን በቃል የማይናገር ሳጥን አስቀምጡ። የማመልከቻ ቁጥር የሚገባበትን ሳጥን ደግሞ የሒሳብ ቁጥር መቀበያ አድርጉት፤ ሰውየው ገጹን ወደ ታች ሲያሸበልል የጻፈው ቁጥር ሳያውቀው አንድ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። ይህ የፈጠራ ወሬ አይደለም፤ የጋቭ ዶት ዩኬ ቡድን አጥንቶ ያረመው ችግር ነው። ከዚያ ስክሪን ሪደር ክፈቱለትና ዓይኑን ሳይሆን ጆሮውን ይጠቀም። አንዱ አመልካች ወዲያው ኮድ ማረም ይጀምራል። ሌላው እጁን ሰብስቦ ያዳምጥና ይህን ቅጽ የሚሞላው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛውን ልብ ብላችሁ ያዙት።

የስም ሳጥኑንም ተመልከቱ። የመጨረሻ ስማቸው የማይገጥም አባትና ልጅ ሲመጡ ቅጹ ምን ይላል? የእኛ ሰው የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ሲሞላ፣ ልጁ ደግሞ የአባቱን ሲሞላ፣ ሁለቱ እንግዳ ለእንግዳ ይሆናሉ። ይህን አመልካቹ እንዲያውቅ አልጠብቅም። ሲነገረው ተጠቃሚውን መውቀሱን ወይስ ሳጥኑን መመርመሩን ግን አያለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ ራሳችንን አናታልል። ሲቲ ያሉት ባንኮች የሚከፍሉትን አንከፍልም። ስለዚህ ሰው ሲጠፋ ወደ ኮንትራክተር እንሮጣለን። ከኤፕሪል 2017 ወዲህ የኮንትራክተሩን የግብር ሁኔታ የመወሰን ግዴታ በመንግሥት ቀጣሪው ላይ ስለወደቀ ነገሩ ከበፊቱም ከብዷል። ኮንትራክተርን አልኮንንም፤ ጎበዞች አሉ። የምፈራው ብቻውን የተተወ ሲኒየር ነው። ጁኒየር አያስተምር፣ በስብሰባ አይደመጥ፣ ዓመት ሳይሞላው ይሄዳል። እሱ ብቻ የሚያውቀው ኮድ ይቀራል፤ ቀጣዩም ከባዶ ልሥራው ይላል።

አንድ ነገር በጎን ልበል፣ የእኛ ልጆች አዘውትረው ስለሚስቱት። በሲቪል ሰርቪሱ ለመቀጠር የሥራ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ የዜግነት ደንብ አለ። የብሪታንያ፣ የኮመንዌልዝና የአየርላንድ ዜጎች ይገባሉ። ኢትዮጵያ ኮመንዌልዝ ውስጥ ስለሌለች ብሪቲሽ ፓስፖርት ያላወጣ ልጃችን በአብዛኛው ከበር ይመለሳል። ካውንስልና ሆስፒታል ግን በዚህ ደንብ አይታሰሩም። ወደዚያ ምሯቸው።

ሕጉንም አትዘንጉ። የመንግሥት ዌብሳይት ለአካል ጉዳተኛው እንዲመች የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2018 ነው፤ ነባሮቹ ገጾች እንኳ እስከ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2020 እንዲስተካከሉ ተወስኖ ነበር። ቀኑ ካለፈ ዓመታት ተቆጠሩ። ሆኖም ተደራሽነትን ከጉርሻ ነጥብ የሚቆጥር የኢንተርቪው ወረቀት ዛሬም አያለሁ። ሕግ የሆነውን ነገር እንዴት ጉርሻ ታደርጉታላችሁ? ተደራሽነትን ሳያውቅ በሌላው ሁሉ ሙሉውን ሰባት ከሰባት ነጥብ ያመጣ ሰው ቢኖር እንኳ ለዚህ ቦታ አይሆንም። አሁን ደግሞ ማሽን ኮድ ስለሚጽፍ ያማረ ናሙና ይዞ መምጣት ቀልሏል። ስለዚህ ናሙናውን ሳይሆን ምክንያቱን ጠይቁ፤ ይህን መስመር ለምን እዚህ አስገባኸው፣ ብታወጣው ማን ይጎዳል በሉት።

አዲስ አበባ ያላችሁ ወዳጆቼም ስሙ። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ከጸደቀበት ከ2020 ወዲህ መታወቂያውም አገልግሎቱም ወደ ስክሪን እየገባ ነው፤ የምትቀጥሩበት ማስታወቂያም ከለንደኑ እየተቀዳ ነው። ከቀዳችሁ ጋቭ ዶት ዩኬን የከፈተውን የ2012ቱን ለንደን ቅዱ። ደብረ ብርሃን ያለ ገበሬ በልጁ ስልክ የሚከፍተው ገጽ የለንደን ዲዛይነር ላፕቶፕ ላይ ማማሩ አይጠቅመውም።

ሦስት አራት ሰው አነጋግራችሁ የሚሆን ከጠፋ በጀቱ ያልፍብናል ብላችሁ የተገኘውን አትፈርሙ። ከቡድናችሁ ውስጥ ተጠቃሚውን የሚያዳምጥ ዴቨሎፐር ካለ በጊዜያዊነት አሳድጉት፣ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ጻፉት፣ በፓነሉ ላይም ስክሪን ሪደር በየቀኑ የሚጠቀም ሰው አስቀምጡና ማስታወቂያውን እንደገና አውጡት።