የራውተሩ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

በጅዳም ሆነ በመካ ቤት ተጋርተን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ስለ ኪራይ፣ ስለ ምግብ መዋጮና ስለ ጽዳት ተራ ተሰብስበን እንወስናለን። ስለ ራውተሩ ግን አንወያይም። መስመሩ በስሙ የተመዘገበው ጓድ ብቻውን ያዝዛል፤ ሌላው የተሰጠውን ቃል ተቀብሎ ይጠቀማል። ይህ አሠራር መለወጥ ይኖርበታል።

የራውተሩ ውስጣዊ ማስተካከያ ለመሐንዲስ ብቻ የተተወ ነው የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው። ሦስት ነጥቦችን እንመልከት።

አንደኛ፣ ከፋብሪካ የመጣው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይለወጥ። ይህ ከዋይፋዩ ቃል የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም 60 የሚያህሉ የተለመዱ የፋብሪካ መግቢያዎችን ብቻ እየሞከረ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ተቆጣጠረ። በሕክምና ሕመም ሳይታይበት በሽታ የሚያስተላልፈውን ሰው ተሸካሚ እንለዋለን። የተያዘ ራውተርም እንዲሁ ነው፤ ለባለቤቱ እንደ ወትሮው እየሠራ ሌላውን ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ ደብልዩ ፒ ኤስ የተባለው አቋራጭ መግቢያ ይዘጋ። ባለ 8 አሃዝ ቁጥሩ አስተማማኝ ይመስላል። ነገር ግን ራውተሩ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ ስለሚያረጋግጥና የመጨረሻው አሃዝ ከቀሩት ስለሚሰላ፣ ለሰባሪ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃዋል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ድክመት ነው።

ሦስተኛ፣ ቻናሉ ታስቦበት ይመረጥ። በመካ አል-አዚዚያ ሕንፃዎቹ በሐጅ ወቅት በሐጃጆች ሲሞሉ አየሩም በዋይፋይ ይጨናነቃል። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፋ ያለ ነው፤ ሆኖም የኮንክሪት ግድግዳ ይበልጥ ያደክመዋል። ስለዚህ ራውተሩ የሚቀመጥበት ቦታም የጋራ ውሳኔ ይሁን፤ በአንድ ሰው መኝታ ክፍል የተሸሸገ ራውተር ለሌላው አይደርስም።

ዋናው ጥያቄ ግን የወገን ጥያቄ ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን በዕረፍት ቀኗ መጥታ «ወንድሜ፣ እናቴን ላናግርበት» ስትል ምን እንመልሳለን? አንዳንዶች ደኅንነትን ሰበብ አድርገው ይከለክላሉ። ሌሎች ዋናውን ቃል በየስልኩ ይበትናሉ። ሁለቱም አይበጅም። መፍትሔው የእንግዳ መረብ መክፈት ነው፤ የራሱ ቃል አለው፣ የቤቱን ኮምፒዩተሮች ለእንግዳ አያሳይም፣ በብዙ ራውተሮችም የፍጥነት ገደብ ሊደረግበት ይችላል። እርግጥ መስመሩ በአንድ ሰው ኢቃማ የተመዘገበ ስለሆነ ተጠያቂነቱ አይረሳም። ስለዚህ ቃሉ ለምናውቀው ሰው ይሰጥ፤ በየጊዜውም ይለወጥ። ጥንቃቄ ወገንን የምንረዳበት ዘዴ እንጂ የምንሸሽበት ምክንያት መሆን የለበትም።

እንግዲህ እያንዳንዱ ቤት በሚቀጥለው ስብሰባው ጉዳዩን አጀንዳ ያድርገው። የአስተዳዳሪውን ቃል ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይወቁት፤ የተለወጠውም ሁሉ በጽሑፍ ይያዝ። በጋራ የምንከፍልበትን በጋራ እንምራ!